አሥር የበቆሎ ፍሬ

ካንያማ ላይ ዝናብ ካባራ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤
ውሃው ግን አልሄደም፣ መሄጃም የለው።
ከሥር ጥቁር ዐለት፣ ከላይ የሰው ብዛት፣
በየደጁ ተኝቷል፣ ትንኝ እያረገዘ ቀንና ሌሊት።

እኔ ከመሥሪያ ቤት ጠመኔና በቆሎ ይዤ መጣሁ፤
በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ ስድስት ክብ ሣልሁ።
ባልዲ ለውሃ፣ አካፋ ለሥራ፣
ቢላ ለሌባ፣ ጠርሙስ ለቢራ፣
ለቦዩ ጠማማ መስመር፤
ስድስተኛው፣ ኤድስ ጋ ስደርስ፣ ጠመኔዬ ቀረ ባየር።
ለእሱ ምን ይሣላል? መርፌ? አልጋ? መቃብር?
ጥብጣብ ሣልሁ እንደታዘዝሁት፤
ቀይ ጠመኔ አጥቼ ክቡን በነጭ ዘጋሁት።

«ለያንዳንዳችሁ አሥር ፍሬ። የከበዳችሁ ላይ አብዙ።»
«በቆሎውን ብንወስደውስ?» አለች አንዲት፤
ሌሎቹም በሣቅ አገዙ።

ሽማግሌው ሲቾኔ ቀደሙ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፤
ሰባቱን ለቦዩ ሰጡ፣ ሦስቱን ለውሃው።
መጸዳጃቸው ተንዷል፣ የልጅ ልጃቸውን ተቅማጥ ይዞታል፤
ሌላ ምን ይባላል?
እኒህ ሰው ያኔ፣ ክኒን ሳይመጣ፣
ሳጥን ይሠሩ ነበር፤
ከገበያው ሁሉ ሚስማር እስኪታጣ።
የአራት ወንድሞቻቸውን ጣውላ
ሜትር ሳይዘረጉ በዓይን ቆርጠዋል።
ዛሬ በር ይሠራሉ።
ጥብጣቧን ዞረው አለፏት፣
ውሻ የተኛ ይመስል እግራቸውን አንሥተው።

ካሉባ አሥሩንም አካፋው ላይ ዘረገፈ፤
«ሥራ ካለኝ ሌላው ይደርሳል» ብሎ አለፈ።
ሉያንዶ ስምንቱን ለቢላው፤
ሌሊት መጸዳጃ ስትሄድ መብራት የለ፣ መንገዱም ጠባብ ነው።
የጠየቃት የለም፣ እሷም አልጨመረች፤
ሁለቱን ጠርሙሱ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«ጥብጣቧስ?» አልሁ፣ መጠየቅ ሥራዬ ነውና።
«ለእሱማ ክኒን ተገኘ» አለች ጎመን ሻጯ፣
«ለቦይ የሚዋጥ ክኒን ካለህ አምጣና!»

ናሙኮሎ ዘግይታ መጣች፣ ጄሪካን ባናቷ።
ልታወርደው ስትል ወለሉን መታው ቦርሳዋ፤
ድምፅ ግን አልነበረም።
በተከፈተው በኩል ብልቃጥ አየሁበት፣
ክኒኑ እንዳይንኳኳ ጥጥ የተጎሰጎሰበት።

ያን ጥጥ ዐውቀዋለሁ።
የኔም ብልቃጥ ከመጠይቁ ወረቀት ሥር እንደዚያው ዝም ይላል፤
አፉ ጥጥ ጎርሶ አብሮኝ ቤት ለቤት ይውላል።

አሥሩንም ባልዲው ላይ ጣለች።
«በምን ልዋጠው ታዲያ?» አላለችም።
ዓይኗ ነው ያለው። ወይም እኔ ነኝ ያልሁት።
«አንተስ?» አለችኝ፣ «የት ትጥላለህ?»
«እኔ ቆጣሪ ነኝ።»
«አይ» አለች ጄሪካኗን መልሳ እያነሣች፣
«ቆጣሪም ይጠማዋል።»

ሰዉ ወጥቶ ስቆጥር፣ ጥብጣቧ ላይ አንዲት ፍሬ።
ማን ጣላት? መቼ?
ጀርባዬን የሰጠሁት ውሃ ስትሰጠኝ ብቻ ነበር።
ይህን ሳስብ ከደጅ ዶሮ ገባች፣ እግሯን ጭቃ ያለበሳት፤
የባልዲውን ክምር ትታ፣ የቦዩን ክምር ትታ፣
ያችኑ መርጣ ዋጠቻት።

ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁ።
አንድ ብዬ ጻፍሁ።

አለቃዬ ማታ ሰንጠረዡን አገላብጦ አየ፤
«አንድ? ከአራት መቶ ፍሬ?
ይሄ ሕዝብ ግንዛቤ የለውም» አለ፣
«ፖስተር ይታተም ለዛሬ ሳምንት።»
የማን ፍሬ እንደሆነች አልጠየቀኝም።
ቢጠይቀኝም፣ እንጃ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን በሬን ቆለፍሁ፤
ጥጡን አወጣሁ፣ አንዷን በቧንቧ ውሃ ዋጥሁ።
ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ይላል።
ቧንቧውን ሳልዘጋው ትንሽ ቆየሁ።